ዋስ የሌለው ወጣት፦ ስለ ለምን ሲሳይ መጽሐፍና ስለ እንግሊዝ አገር ምክር ቤቶች ግዴታ

ከኢትዮጵያዊት እናት በእንግሊዝ አገር የተወለዱት ባለ ቅኔ አቶ ለምን ሲሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስሜ ለምን ነው» ይሆናል። ለእንግሊዝ አንባቢ ይህ ርእስ ማብራሪያ ያሻዋል፤ «ለምን» በአማርኛ መጠይቅ መሆኑን ካልነገሩት በቀር ምሥጢሩ አይገባውም። የእኛ አንባቢ ግን ገና ሽፋኑን ሲያይ ሁለት ነገር በአንድነት ይሰማዋል፤ አንዱ ስም ነው፣ ሁለተኛው አቤቱታ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በመምህራንና በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ሊነበብ የሚገባው በስሙ ምክንያት አይደለም። በአንድ የአካባቢ ምክር ቤት እጅ ያደገ ልጅ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለ እርሱ የጻፈውን መዝገብ ገጽ በገጽ እየገለጠ የሚሰጠውን ምስክርነት የያዘ በመሆኑ ነው። በዚያ አገር የአካባቢ ምክር ቤት እኛ ማዘጋጃ ቤት ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን ከመንገድና ከጽዳት ሥራ ሌላ፣ ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉትን ሕፃናት የማሳደግ ኀላፊነትም በሕግ ተጥሎበታል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ደራሲው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1967 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊገን ከተማ አቅራቢያ ነው። እናታቸው ለትምህርት ወደዚያ የተሻገሩ ወጣት ነበሩ፤ ሕፃኑ ለጊዜው እንዲያዝላቸው እንጂ ለዘለቄታው እንዲወሰድባቸው አልፈለጉም። ጉዳዩን የያዘው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሕፃኑን በራሱ ስም ኖርማን ብሎ ሰየመውና ለአንድ አሳዳጊ ቤተ ሰብ አስረከበው። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው አሳዳጊዎቹ ለምክር ቤቱ መለሱት፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ከአንዱ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር አሳለፈ። 17 ዓመት ሲሆነው የልደት ምስክር ወረቀቱ ተሰጠው፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ግን ኖርማን ሳይሆን ለምን ሲሳይ ነበር። እናቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ልጃቸው እንዲመለስላቸው የጻፉት ደብዳቤም እስከዚያ ዕለት ድረስ በመዝገቡ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ ኖሯል።

ሙሉው መዝገብ በደራሲው እጅ የገባው ለብዙ ዓመታት ሲጠይቁ ከኖሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ምክር ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ጉዳዩን ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ጨርሶ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። መጽሐፉ የተሠራው ከዚህ መዝገብ ነው፤ በአንድ ወገን የሠራተኞቹ ሪፖርትና ደብዳቤ እንዳለ ሰፍሯል፣ በሌላው ወገን የደራሲው ትዝታ ቀርቧል፣ በየምዕራፉም መግቢያ አጫጭር ግጥሞች ተጨምረዋል። በበኩሌ ከሦስቱ እጅግ የበረታብኝ ሪፖርቱ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ክፉ ሰው አይታይም፤ ቋንቋው የተረጋጋ ነው፣ ጨዋም ነው፤ ስለ ልጁ ጤንነትና ስለ ት/ቤት ውጤቱ በየጊዜው ይመዘግባል። ይህ እኛን የቢሮ ሰዎችን ሊያስደነግጠን ይገባል፤ የአጻጻፉን ስልት እናውቀዋለንና። «ጉዳዩ እየተከታተልነው ነው» የሚለውን ቃል ያልጻፈ ከመካከላችን ማን አለ? ግጥሞቹ ግን አንዳንድ ጊዜ ሰነዱ በዝምታው የተናገረውን እንደገና በቃል ስለሚናገሩት ኀይሉን ይቀንሱበታል።

የመጽሐፉ ዋና ጕድለት የሚያበቃበት ቦታ ነው። ታሪኩ ደራሲው 18 ዓመት ሞልቷቸው ከምክር ቤቱ እጅ በወጡበት ጊዜ ያከትማል። ደራሲው ስለ ልጅነታቸው ሊጽፉ ስለ ተነሡ ይህን እንደ ጥፋት ልንቈጥርባቸው አይገባም፤ ለዕቅድ አውጪ ግን ትልቁ ጥያቄ የሚጀምረው ልክ እዚያ ላይ ነው። እስከዚያ ዕለት ድረስ ልጁ የት እንደሚያድር፣ በየትኛው ት/ቤት እንደሚማር፣ በየትኛው ሐኪም እንደሚታይ፣ በማን ስም እንደሚጠራ ሳይቀር የወሰነውና የፈረመው መሥሪያ ቤቱ ነበር። ከዕለቱ በኋላ የሚፈርም የለም። ወላጅ ያለው ወጣት በሕግ አካለ መጠን ሲያደርስ ከቤት አይባረርም፤ ሥራ ቢያጣ ይመለሳል፣ ቢታመም ይመለሳል፣ ቤት ሲከራይ አባቱ ወይም አጎቱ ስለ እርሱ ይቆማሉ። ከማሳደጊያ የወጣው ወጣት የሚያጣው ከሁሉ በፊት ይህን መቆም ነው፤ በአማርኛ ዋስ እንለዋለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የእንግሊዝ አገር ምክር ቤቶች ለእነዚህ ወጣቶች የሚሰጡትን ድጋፍ የሚመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

ደራሲው 18 ዓመት በሞላቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ለወጣው ልጅ ገንዘብና ማደሪያ የመስጠቱ ጉዳይ በአብዛኛው ለየምክር ቤቱ ፈቃድ የተተወ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት ሕግ ምክር ቤቶች ከእጃቸው የወጡትን ወጣቶች እንዲመክሩ፣ እንዲረዱና እንዲወዳጁ አዘዘ። የመጨረሻው ቃል አስገራሚ ነው። መምከርና መርዳት በመዝገብ ሊረጋገጡ ይችላሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ከአንድ ወጣት ጋር መወዳጀቱን ግን የትኛው ተቈጣጣሪ፣ በየትኛው ቅጽ ያረጋግጣል? ሕግ አውጪዎቹ ቃሉን ያስገቡት በቅን ልቡና መሆኑ አያጠራጥርም፤ ተግባሩ ግን ሊለካ ባለመቻሉ በብዙ ሥፍራ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ይልቅ ፍሬ ያፈራው የሒሳብ አሠራሩን የለወጠው ሕግ ነው። ቀድሞ ልጁ 16 ዓመት ሲሆነው ከምክር ቤቱ እጅ ከወጣ መተዳደሪያውን የሚሰጠው የማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ልጁ ቶሎ በወጣ መጠን ወጪው ከምክር ቤቱ በጀት ላይ ይነሣ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ የሒሳብ አሠራር ባለበት ቦታ የሠራተኛው ደግነት ብዙ እንደማይረዳ የበጀት ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። በ2000 የወጣውና በ2001 በሥራ ላይ የዋለው ከማሳደጊያ ስለሚወጡ ልጆች የተደነገገው ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋው፤ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች የመደገፉን ወጪ ከጥቂቶች በቀር ወደ ምክር ቤቱ መለሰው። ከዚህም በላይ ለእያንዳንዱ ወጣት የግል አማካሪ እንዲመደብለትና ስለ መኖሪያው፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጤንነቱና ስለ ገንዘቡ የሚዘረዝር የጉዞ ዕቅድ እንዲጻፍለት አዘዘ። ድጋፉም እስከ 21 ዓመት፣ በትምህርት ላይ ላለው ደግሞ ከዚያ በላይ እንዲቀጥል ተደረገ።

የኋለኞቹን ሕጎች መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል። በ2008 የወጣው ሕግ ከፍተኛ ትምህርት ለሚገባ ወጣት ምክር ቤቱ 2,000 ፓውንድ እንዲሰጥ አዘዘ፤ የ2014ቱ ሕግ አሳዳጊውና ወጣቱ ከተስማሙ እስከ 21 ዓመት በአሳዳጊው ቤት መቆየት እንዲቻል አደረገ፤ የ2017ቱ ደግሞ የግል አማካሪ የማግኘቱን መብት ለሁሉም እስከ 25 ዓመት አራዘመው፤ ምክር ቤቶችም የሚሰጡትን አገልግሎት በዝርዝር አትመው እንዲያሳውቁ አስገደደ። ከ2023 ጀምሮ ለመጀመሪያ መኖሪያ ማደራጃ የሚሰጠው ገንዘብ ከ2,000 ወደ 3,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ የሚያስቀና ሥርዓት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 በምክር ቤቶች እጅ የነበሩት ሕፃናትና ወጣቶች ከ83 ሺህ በላይ በነበሩበት በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ከማሳደጊያ ወጥተው ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 21 ዓመት ከሆናቸው ወጣቶች መካከል ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት በትምህርትም፣ በሥራም፣ በሥልጠናም ላይ አልነበሩም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በልጅነት የደረሰው ጉዳት፣ የት/ቤት መለዋወጥ፣ የቤት ኪራይ ውድነት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከሕጉ አሠራር የሚመነጨው ድርሻ ግን ይህ ይመስለኛል፦ ሕጉ ያዘዘው ሊቈጠር የሚችለውን ነው። ዕቅዱ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? አማካሪው ተመድቧል ወይስ አልተመደበም? በስድስት ወር ውስጥ ታይቷል ወይስ አልታየም? አማካሪው ሲለወጥ አዲሱ አማካሪ የሚያውቀው ወጣቱን ሳይሆን የወጣቱን ዕቅድ ነው። ለምን ሲሳይ በመጽሐፋቸው ያሳዩን በመዝገብ የሚታወቅ ልጅ በ21 ዓመቱም በመዝገብ መታወቁን ይቀጥላል፤ ልዩነቱ መዝገቡ አሁን «ዕቅድ» መባሉ ነው።

በእንግሊዝ አገር ቤት አከራይ በአብዛኛው ዋስ ይጠይቃል፤ ተከራዩ ኪራዩን ባይከፍል የሚከፍልለት፣ ገቢ ያለው ሰው። ለወላጅ ይህ አንዲት ፊርማ ናት። አንዳንድ ምክር ቤቶች በእጃቸው ላደገው ወጣት ዋስ ሆነው ይፈርማሉ፤ ሌሎች አይፈርሙም፤ ይህን የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግም የለም። ለምክር ቤት የሚከፈለው የቤት ግብርም እንዲሁ ነው። በስኮትላንድ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማሳደጊያ የወጣ ወጣት 26 ዓመት እስኪሞላው በአገር አቀፍ ደረጃ ከዚህ ግብር ነጻ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ግን ምሕረቱ የሚወሰነው በየምክር ቤቱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ሁለት ወጣቶች አንድ ዐይነት ልጅነት አሳልፈው፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ብቻ አንዱ ዋስ ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ሕጉ ምክር ቤቱን «ወላጅ» ብሎ ይጠራዋል፤ ወላጅን ወላጅ የሚያሰኘውን ፊርማ ግን በፈቃዱ ላይ ተወው። ገንዘቡ ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ማደራጃ ተብሎ የሚሰጠው 3,000 ፓውንድ ከዋስትናው ይልቅ በእርግጠኝነት ከካዝና የሚወጣ ነው። ዋስትና ግን መታመንን ይጠይቃል፤ ያሳደጉትን ልጅ አለማመን ደግሞ ስለ አስተዳደጉ አንድ ነገር ይናገራል።

በዚያ ወገን ደራሲው ከመጽሐፋቸው ውጭ የሠሩት ሥራ መጽሐፉ የማይነግረንን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በማንቸስተር ከተማ ከ18 እስከ 25 ዓመት ለሆናቸው፣ ከማሳደጊያ ለወጡ ወጣቶች በገና ዕለት የምሳ ግብዣ እንዲዘጋጅ አድርገዋል፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። በዚያ ዕለት ቢሮዎች ሁሉ ዝግ ናቸው፣ አማካሪውም ከቤተ ሰቡ ጋር ነው። ከአማካሪው ጥፋት አናገኝበትም፤ ደመወዝተኛ ነው፣ ልጆችም አሉት። በዓልን በመመሪያ ማዘዝ ስለማይቻል፣ ከዚያው ሕይወት የወጣ ሰው ከጎረቤቶች ጋር ሆኖ ጠረጴዛ ዘረጋ።

ስለ መዝገቡም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በምክር ቤት እጅ ያደገ ልጅ መዝገብ ከተወለደ 75 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ተጠብቆ እንዲቈይ ሕግ ያስገድዳል፤ ባለቤቱም ሊያየው መብት አለው። ነገር ግን ስለ ሌሎች ሰዎች የተጻፈው ቃል በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ስለሚሰጥ፣ እናቱን የሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጥቁር መስመር ነው። የሌላውን ሰው ምሥጢር መጠበቅ ተገቢ መሆኑን አንክድም። ይሁንና የእናትን ደብዳቤ ለልጇ ለማሳየት 17 ዓመት የጠበቀ አሠራር ከነበረበት አገር፣ በዚህ ረገድ የበለጠ ለጋስነት ይጠበቅ ነበር።

ለመምህራን የሚሆነው ክፍል የት/ቤቱ ድርሻ ነው። የ2008ቱ ሕግ በእያንዳንዱ የመንግሥት ት/ቤት በምክር ቤት እጅ ያሉትን ልጆች ትምህርት የሚከታተል አንድ ተጠሪ መምህር እንዲሠየም አዟል፤ ከ2014 ወዲህ ደግሞ በየምክር ቤቱ፣ ሕንጻና ደወል የሌለው፣ ነገር ግን በልዩ ልዩ ት/ቤቶች የተበተኑትን እነዚህን ልጆች እንደ አንድ ት/ቤት ተማሪዎች ቈጥሮ የሚከታተል ኀላፊ እንዲኖር ተደንግጓል። በእኔ አስተያየት በጠቅላላው ሥርዓት ውስጥ ይህ እጅግ የተሳካው ሐሳብ ነው። ተጠሪ መምህሩ ልጁን በየቀኑ ያየዋል፤ ጫማው ሲቀደድ ያያል፣ የሒሳብ ውጤቱ ሲወርድ ያያል፣ ሰኞ ጠዋት ፊቱ ሲጠቁር ያያል። ከአማካሪውም ሆነ ከዕቅዱ ይልቅ ልጁን የሚያውቀው እርሱ ነው። ነገር ግን ልጁ ከት/ቤት በወጣ ቀን የተጠሪነቱ ሥራ ያበቃል፤ ይህም ልጁ ከማሳደጊያ ለመውጣት ከሚሰናዳበት ዘመን ጋር ይገጥማል። ልጁን የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ በአንድ ሰሞን ይለዩታል። የጉዞ ዕቅዱ ሲጻፍ ተጠሪ መምህሩ ከፈለገና ካልተሰላቸ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ቀድሞ ተማሪው የሚጠይቀው በራሱ ጊዜና በራሱ ስልክ ነው። ብዙዎች እንዲህ ሲያደርጉ ይኖራሉ፤ በማንኛውም ሪፖርት ላይ ግን አይታይም።

በእነዚህ ምክር ቤቶች እጅ ያለ ወላጅ ድንበር ተሻግረው የገቡ የኤርትራ፣ የሱዳንና የእኛም አገር ልጆች ይገኛሉ። ለእነርሱ 18ኛው ዓመት ሌላ ፍርሃት አለው፤ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውሳኔ ካላገኘ፣ የሚጻፍላቸው ዕቅድ ለመቅረትም ለመመለስም የሚያገለግል መንታ ዕቅድ ይሆናል። የልደት ዘመናቸው በእኛ አቈጣጠር የተነገረ ከሆነም፣ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ባልተረዳ ጸሐፊ እጅ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አንባቢ ይገምተዋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የእንግሊዝን ሕግ የምንተችበት ምላስ አጠር ሊል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ሕፃናትን ከማሳደጊያ ይልቅ በማኅበረሰብና በቤተ ሰብ ውስጥ ማሳደግን ያስቀድማል፤ መንፈሱ መልካም ነው። ባገራችን ደግሞ የዘመድና የጎረቤት ደግነት ብዙ የመንግሥትን ጕድለት ይሸፍናል። ዋስትና ግን በደግነት ብቻ የማይገኝበት ቦታ አለ፤ ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ሆኖ ለመቀጠር ዋስ ያስፈልጋል፣ የግዴታ ውል ሲፈረምም እንደዚሁ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት የመምህራን ማሠልጠኛው የምዝገባ ኮሚቴ አባል ነበር። የሠልጣኞች ቅጽ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት መስመሮች ነበሩት፦ የአሳዳጊ ስም፣ የአሳዳጊ አድራሻ፣ የዋስ ስምና ፊርማ። አንድ ሠልጣኝ በመጀመሪያው መስመር ያሳደገውን ድርጅት ስም ጽፎ ሦስተኛውን ባዶ ተወው። ድርጅቱ ሲጠየቅ ልጁ 18 ዓመት ስለ ሞላው ከእንግዲህ እንደማይመለከተው በደብዳቤ አስታወቀ፤ ደብዳቤው ጨዋ ነበር። ኮሚቴያችንም ቅጹን «ያልተሟላ» ብሎ መለሰው፤ ቃሉን በቀይ እስክሪፕቶ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ልጁ በ11ኛው ቀን ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው መስመር ላይ የማሳደጊያው ዘበኛ ስም ተጽፎ በጣት አሻራ ተረጋግጦ ነበር። ከዚያ የዘበኛው ደመወዝ ለዋስትና ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሁለት ስብሰባ ወሰደ። በመጨረሻ በልዩ ፈቃድ ተመዘገበ፤ ትምህርቱንም ጨርሶ በመምህርነት ተመደበ።

የለምን ሲሳይን መጽሐፍ ሳነብ ዘወትር የሚታየኝ ያ ቀይ ቃል ነው። በመዝገቡ ውስጥ ክፉ ሰው የለም ብዬ ከላይ የጻፍሁትም እኔንም ጨምሬ ነው። ዘበኛው ማንበብና መጻፍ የማያውቅ፣ ከወር ወር የሚቸገር ሰው ነበር፤ የፈረመው ግን እርሱ ነው። ቅጹ እስከ አሁን ሦስቱን መስመሮች እንደ ያዘ ነው። በማሳደጊያ ላደጉ ሠልጣኞች ኮሌጁ ራሱ ዋስ የሚሆንበት አራተኛ መስመር እንዲጨመር፣ በረጅሙ ዕረፍትም መኝታ ቤት እንዳይዘጋባቸው፣ ባለፈው መንፈቅ ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ በጽሑፍ አቅርበናል። የሒሳብ ክፍሉ የዋስትናው ገንዘብ በየትኛው አርእስት እንደሚያዝ እንዲብራራለት ጠይቆ መልሶታል።